ጋቢና ያስቀመጥናቸው ሰዎች

እናቴ በፈረንጆች 2016 ከጎንደር አሜሪካ መጥታ አምስት ወር አብራኝ ቆይታለች። በነዚያ አምስት ወራት መኪናዬ ውስጥ ከጋቢና ሌላ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። እናት እንዴት ከኋላ ትቀመጣለች? ጓደኛዬ ቀድማ ጋቢና ገብታ እንኳ ቢሆን እማዬን ስታይ ወርዳ ወደ ኋላ ትሄድ ነበር። ነጠላዋ በር እንዳይዘው እሰበስብላታለሁ፣ ቀበቶዋን አስርላታለሁ፣ ከዚያ ነው መሪ የምይዘው። ቤተ ክርስቲያን ሄደናል፣ ሐኪም ቤት ሄደናል፣ የመከር ቅጠል ልናይ ሼናንዶዋ ተራሮች ድረስ ወጥተናል።

መኪናዋ የ2004 ቶዮታ ኮሮላ ነበረች። ከእማዬ ፊት ለፊት፣ ከክሩስኮቱ በላይ፣ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ክዳን አለ። ከክዳኑ ሥር ያለው ዕቃ ሰው ሊገድል እንደሚችል የሚናገር ደብዳቤ ደግሞ ወጥ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ደብዳቤውን አላየሁትም ማለት አልችልም። ከፍቼዋለሁ። ከላይ በትልቁ «ሴፍቲ ሪኮል» ይላል፤ ፋብሪካው መኪናዋን ለጥገና መልሶ ሲጠራ ማለት ነው። ሁለት መስመር አነበብኩና ከመብራትና ከስልክ ቢል ጋር አስቀመጥኩት። ያኔ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ነበር የምሠራው። መኪናዋ ስትነሳ አታስቸግርም፣ ፍሬኗ ይይዛል፣ የቨርጂኒያን ዓመታዊ ኢንስፔክሽን አንዴም አልወደቀችም። ኢንስፔክሽን ካለፈች ደህና ናት ብዬ ነበር የማምነው። ኢንስፔክሽን ጎማ ያያል፣ መብራት ያያል፣ ፍሬን ያያል። ፋብሪካው የጠራት መኪና ትሁን አትሁን ብሎ ፈልጎ አይነግርም። ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በ2019 ሸጥኳት። የገዛኝ በዲቪ የመጣ፣ እዚህ አገር ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። 2,300 ዶላር ተስማማን። ቁልፉን ስሰጠው «እትዬ፣ የምታውቂው ችግር አላት?» አለኝ። «ምንም የላትም፤ ዘይቷን ብቻ በጊዜው ቀይርላት» አልኩት። እየዋሸሁት አልነበረም። ደብዳቤው ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

በጥር 2024 መጨረሻ ላይ ሥራ ቦታ ምሳ እየበላሁ ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ወደ 50,000 የሚጠጉ አሮጌ መኪኖች ያሏቸውን ሰዎች «ሳይጠገኑ አትንዷቸው» አለ። የ2003 እና የ2004 ኮሮላ፣ የዚያው ዘመን ኮሮላ ማትሪክስ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር። ምክንያቱ ታካታ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። ኮሮላዎቹ ላይ ችግሩ ያለው የጋቢናው ኤርባግ ነው።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የበላሁትን አላውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም «ኤርባግ ተበላሽቷል» ሲባል «ቢከፋ አይነፋም» ብዬ ነበር የማስበው። የዚህኛው አደጋ አለመንፋቱ አይደለም። ኤርባግ ማለት ከረጢት ነው። ከረጢቱን የሚሞላው ከጀርባው ያለ ትንሽ የብረት ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ እንደ ኪኒን ተጠፍጥፎ የተቀመጠ ኬሚካል አለ። መኪናው ሲጋጭ ይቀጣጠላል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ከረጢቱ ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ይሞላል። ታካታ ለዚህ ሥራ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነው። ማዳበሪያ የሚሠራበት፣ ለድንጋይ ማፈንጃም የሚውል ነገር ነው። ይህ ኬሚካል እርጥበት አይስማማውም። ለዓመታት ሙቀትና ወበቅ ሲፈራረቅበት ኪኒኑ ይላላል፣ ይሰነጣጠቃል።

ማገዶ ያነደደ ሰው ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቀዋል። ግንድ ቀስ እያለ ይነድዳል። ያንኑ ግንድ ፈልጠህ ጭራሮ ብታደርገው ግን ባንዴ ቦግ ይላል። የተሰነጣጠቀው ኪኒንም እንደዚያ ነው። ጋዙ ባንዴ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ግፊቱን አይችለውም፣ ይፈነዳል። የፈነዳው ብረት ስንጥርጣሪ ከረጢቱን በስቶ ወደ ተቀመጠው ሰው ይሄዳል። ፊት፣ አንገት፣ ደረት።

አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዚህ ምክንያት 28 ሰዎች እንደሞቱ መንግሥት አረጋግጧል። የተጎዱት ቢያንስ 400 ናቸው። ከሞቱት ውስጥ ቀላል ግጭት የነበረባቸው፣ ኤርባጉ ባይፈነዳ በእግራቸው ወርደው የሚሄዱ ነበሩ። በ2014 ፍሎሪዳ ውስጥ የሞተች አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ያለውን ቁስል ያየው ፖሊስ መጀመሪያ በስለት የተወጋች ነበር የመሰለው። ታካታ የሙከራ ውጤት እየቀየረ ለመኪና ፋብሪካዎች ይሰጥ እንደነበር በ2017 አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። 1 ቢሊዮን ዶላር ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ከሰረ። የጠፋ ነፍስ ግን በዶላር አይመለስም። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በዚያ ቀን ማታ፣ አልጋዬ ላይ፣ ስልኬን ይዤ ነው። እያነበብኩ የማየው የእማዬን ነጠላ ነበር። እስካሁን አልነገርኳትም።

በማግስቱ የድሮ ወረቀቶቼን አወጣሁ። የኮሮላዋ የኢንሹራንስ ካርድ ተገኘ። ካርዱ ላይ ቪን ቁጥሯ አለ። ቪን ማለት የመኪናዋ መታወቂያ ነው፤ 17 ፊደልና ቁጥር። የእኔዋ ካናዳ የተሠራች ስለሆነች በ2 ይጀምራል። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ የሚባለው፣ ቪን የሚፈተሽበት ገጽ አለው። በነፃ ነው፣ ስምም አይጠይቅም። አስገባሁት። ቀይ ጽሑፍ መጣ። አልተጠገነችም። በሃያ ዓመቷም አልተጠገነችም።

የማትነዳ ብትሆን፣ ተቆራርጣ ተሸጣ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ግን መመኘት ምን ያደርጋል፣ ልጁን መፈለግ ነበረብኝ።

ስልኩ ተቀይሯል። ያኔ አብሮት ይኖር የነበረውን ልጅ በቤተ ክርስቲያን በኩል አገኘሁት። እሱ ቁጥሩን ሰጠኝ። ልጁ አሁን ዴንቨር ነው፣ አግብቷል። ድምፄን ሲሰማ ደስ አለው። የደወልኩበትን ስነግረው ግን ዝም አለ። «እትዬ፣ እኔም እኮ ሸጥኳት» አለኝ። በ2021 ወደ ኮሎራዶ ሲሄድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር ሴት ነው የሸጠላት። «ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር?» አልኩት። የመጣም እንደሆነ የድሮ አፓርትመንቱ ነው የሚመጣው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የሪኮል ደብዳቤ የሚላከው መኪናዋ በተመዘገበችበት ስምና አድራሻ ነው። ደብዳቤው እኛን አያውቀንም። እኛ ቤት እንቀያይራለን፣ ስቴት እንቀያይራለን፣ መኪናውን ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ እናስተላልፋለን። በወንድሙ ስም የተመዘገበ መኪና የሚነዳ ስንት ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ ሲሆን ደብዳቤው መኪናዋ የሌለችበት ቤት ይሄዳል። የደረሰንም ብንሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ወረቀት ነው፣ የመኪና ዋስትና ልንሸጥላችሁ ከሚሉት ፖስታዎች ጋር ይመሳሰልብናል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ኖሬ፣ እንግሊዝኛውን እያነበብኩት ነው መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት። አምና የመጣ ሰው ቢጥለው እንዴት እፈርድበታለሁ?

ሴትየዋ ጋ ደወልኩ። «እህቴ፣ አንቺ ጋ ያለችው ኮሮላ በፊት የእኔ ነበረች፣ እባክሽ አትንጃት» ብዬ ጀመርኩ። አጭበርባሪ መስያት ዘጋችብኝ። አልፈርድባትም፣ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር። ልጁን ከዴንቨር አስደወልኩላት። ማታ ራሷ መልሳ ደወለች።

ቪኑን እናመሳክር አልኳት። ወደ ፓርኪንግ ወረደች። ከሾፌሩ በኩል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከውጭ ሆኖ የሚነበብ ትንሽ ሳህን አለ። ብርድ ነው፣ መሽቷል፣ በስልኳ መብራት እያበራች አንድ በአንድ ታነብልኛለች። እኔ ያንን የቆየ የኢንሹራንስ ካርድ ይዤ እከተላለሁ። አንድ ቦታ «ኦ» አለችኝ። የእኔ ካርድ ላይ ዜሮ ነው። ልቤ ቀጥ አለ፣ ሌላ መኪና ትሆን እንዴ ብዬ። በኋላ ሳነብ ቪን ላይ «ኦ» የሚባል ፊደል እንደማይገባ አወቅሁ፤ ከዜሮ ጋር እንዳይምታታ ሆን ብለው አስቀርተውታል። «አይ» የሚለው ፊደልም እንዲሁ፣ ከአንድ ጋር እንዳይምታታ። ስለዚህ ክብ ካያችሁ ዜሮ ነው። የቀረው ሁሉ ልክ መጣ። እሷው ናት።

«ጋቢና ማነው የሚቀመጠው?» አልኳት።

«አባቴ» አለችኝ።

አባቷ ኩላሊታቸውን ያማቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ታደርሳቸዋለች፣ ከዚያ በቀጥታ ሥራ ትገባለች። «አልንዳት ካልሽኝ አባቴን በምን ላድርሰው?» አለች። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። «አትንዱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የዲያሊሲሱ ማሽን ግን ቀን አይቀይርም።

እሷን የያዛት ሌላም ፍርሃት ነበረ። ሪኮል ካለባት መኪናዋን ይወስዱብኛል ብላ ሰግታለች። ሌሎችም ይህን ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወረቀት ይጠይቁኛል፣ ያስከፍሉኛል የሚሉ አሉ። እኛ ባለፍንበት ከስም፣ ከስልክ፣ ከአድራሻና ከቪን ቁጥር ሌላ የጠየቀን የለም። ሪኮል ማለት ፋብሪካው አበላሽቶ የሠራውን ዕቃ በራሱ ወጪ ለመጠገን መኪናዋን መልሶ ሲጠራ ነው። አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም። የመጀመሪያዋ ገዢ ሁኑ አራተኛዋ ለውጥ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ሪኮሉን አይደለም እየሠራ ያለው።

በነጋታው ሦስታችን በአንድ መስመር ሆነን አንድ የቶዮታ ዲለር፣ መኪና የሚሸጥና የሚጠግን ድርጅት ጋ ደወልን፤ እሷ፣ እኔና የዲለሩ ሠራተኛ። እኔ አስተረጉማለሁ። ሠራተኛው ትሑት ነበር፣ ግን ቀጠሮ የሰጠን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መኪናዋንም ነድታ ታምጣት አለ። «ፋብሪካው አትንዷት ያላትን መኪና እንዴት አድርጋ ነድታ ታመጣለች?» አልኩት። ዝም አለ። አለቃውን ጠይቆ እንደሚመለስ ነገረን፣ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ የቶዮታን ማስታወቂያ ደግሜ አነበብኩት። ቴክኒሻን ቤት ድረስ መጥቶ እንዲጠግን ማድረግ ይቻላል፣ መኪናዋን ጭኖ መውሰድም ይቻላል ይላል፣ ሁለቱም በነፃ። የፋብሪካው የደንበኞች ስልክ ላይ ደወልን። «ሞባይል ሪፔር» አልኩ። አራት ቀን ብቻ ጠብቁ አሉን።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ዲለሩ ሳይነግራችሁ ቢቀር እናንተ ጠይቁ። እኔ ባላነብ ኖሮ ያቺ ሴት ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቷን ጋቢና አስቀምጣ ትነዳ ነበር።

ለአራቱ ቀን አባባን እኔ አመላለስኳቸው። እኔ ከምኖርበት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ካልተዘጋ፣ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ዲያሊሲሱ የወደቀው በሁለቱ ቀን ላይ ስለነበር ፈረቃዬን ከሥራ ጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ። አባባ የመጀመሪያውን ቀን ከኋላ ልቀመጥ ብለው አስቸገሩኝ። ሴት ልጅ እየነዳች እሳቸው ጋቢና መቀመጥ ከብዷቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ልጃቸው ስለ ኤርባጉ ነግራቸዋለች፣ የእኔም መኪና ያው መስሏቸው ነው። የአሁኗን መኪናዬን ቪን በዚያው ሌሊት ፈትሼ ነበር፣ ምንም የለባትም። ያንን ነግሬያቸው ነው የተቀመጡት።

በዚያው ሰሞን ለታናሽ ወንድሜ በቴሌግራም ይህን ሁሉ አወራሁት። አዲስ አበባ ነው፣ ቪትዝ ይነዳል። «የኔስ?» አለኝ። ሊብሬውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የሻንሲ ቁጥሩን የአሜሪካው ገጽ አይቀበለውም። ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራቻቸው መኪኖች 17 ፊደል ያለው ቪን የላቸውም፤ አጭር ቁጥር ነው ያላቸው፣ መሀሉ ላይ ሰረዝ ያለበት። ለእነሱ የጃፓኑ ቶዮታ ራሱ በሻንሲ ቁጥር የሚፈተሽበት ገጽ አለው፣ በጃፓንኛ ነው። ስልኬ እየተረጎመልኝ አስገባሁት። ስለ ኤርባግ የሚል ምንም አልመጣም። እፎይ አልን።

ወንድሜ ግን እንዲያውም ይታይልኝ ብሎ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ መካኒክ ጋ ወሰዳት። መኪናዋ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ናት። መካኒኩ ባትሪውን ፈትቶ፣ ቆይቶ፣ የጋቢናውን በኩል ከፈተው። ክዳኑ ላይ ኤርባግ የሚል ተጽፏል። ውስጡ ባዶ ነው። ሽቦው ተጠቅልሎ በፕላስተር ታስሯል።

ሚስቱ ስድስት ዓመት እዚያ ቦታ ተቀምጣለች። ልጅ አቅፋም ተቀምጣለች። ወንድሜ ፎቶውን ሲልክልኝ አንድ ቃል አልጻፈም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው የቤት መኪና ያገለገለ ሆኖ ነው የገባው፤ ከጃፓን፣ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ። ደብዳቤው የሚሄደው ዮኮሃማ ወይም ሻርጃ ወደሚኖር የመጀመሪያ ባለቤት ነው። ቦሌና ኮልፌ ማን ያደርሰዋል? በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ሊብሬያችሁን አውጡና የሻንሲ ቁጥሩን ፈትሹ። ካልቻላችሁ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩለት፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ኤርባጉን ግን በራሳችሁ እጅ እንዳትነኩት። ካቻቢቴ ይዞ መክፈት የሚቻል ነገር አይደለም፣ ፈንጂ ነው።

እዚህ ላለን ደግሞ አንድ ነገር። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር ያልተጠገነ ሪኮል ያለባትን መኪና ቢሸጥላችሁ የፌዴራል ሕግ አይከለክለውም። ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ድርጅት ግን ከ2016 ጀምሮ እንደዚያ ያለ መኪና ማከራየት አይችልም። ለሦስት ቀን የምትከራዩት መኪና ተጠግኖ ይሰጣችኋል፣ ለአሥር ዓመት የምትገዙት ላይጠገን ይችላል። ይህ ያናድደኛል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው መሸጫው ቆማችሁ ቪኑን ስልካችሁ ላይ ፈትሹ።

ቴክኒሻኑ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በቫን መጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ አባባን የማደርስበት ቀን ስለሆነ። ወጣት ነው፣ እጁ በብርድ ቀልቷል። ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። ከዚያ ቆመ። ምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው ሰዓቱን እያየ፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ መቆየት አለብኝ አለኝ። ባትሪው ከተፈታ በኋላም ኤርባጉን ሊያፈነዳ የሚችል ኃይል ትንሽ ይቀራል። ከዚያ ተንበርክኮ ገባ። ከክሩስኮቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ በጥንቃቄ አውጥቶ ወንበሩ ላይ ደረደረ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሴትየዋ የጸጉር ጌጥ፣ አንድ ትንሽ የማርያም ሥዕል። ሥዕሏን እኔ ለጥፌያት የነበረች ናት። ሁለት ጊዜ ስትሸጥ ማንም አላነሳትም።

ክሩስኮቱ ወጣ። ከጀርባው የብረት ቆርቆሮዋ ታየች። ከለስላሳ ጣሳ ብዙም አትበልጥም። እሷን ነበር እማዬ ፊት ለፊት ይዤ ሼናንዶዋ ድረስ የነዳሁት። ቴክኒሻኑ በሁለት እጁ ይዞ አወጣት፣ ከፊቱ ራቅ አድርጎ። ሳጥን ውስጥ አስገባት፣ ምልክት ለጠፈበት፣ ቫኑ ውስጥ አሰረው። ወደ ፋብሪካው ነው የምትመለሰው አለኝ።

አዲሱን አስገብቶ ሲጨርስ ሴትየዋ ወረቀት ላይ ፈረመች። እኔ ያንን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለዴንቨሩ ልጅ ላክሁለት። «እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» ብሎ መለሰ።

አባባ ከሦስተኛው ፎቅ በሊፍት ወረዱ። ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ደርበዋል። መኪናዋ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ጨረሰ?»

«ጨርሷል አባባ፣ ይግቡ።»

ጋቢና ገቡ። ልጃቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ሰበሰበች፣ ቀበቶ አሰረችላቸው፣ ዞራ መሪ ያዘች። ቁልፉን ስታዞር የኤርባጉ ቀይ መብራት በራ፤ ተቀምጦ ፊቱ ኳስ ያለበት ሰውዬ ምስል። ቴክኒሻኑ በመስኮቱ አጎንብሶ አየው። ስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ ጠፋ። አውራ ጣቱን አሳየን።

«በይ እንሂድ» አሉ አባባ ለልጃቸው። «ሰዓቱ ሄደ።»